በድምፅ ብልጫ

ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሙሐረቅ፤
በጆሮዬ ተቀጥሬ አለሁ፣ ሌሊቱን ድምፅ ስጠብቅ።
አንድ ምት ይመጣል፣ ሦስት ሰከንድ፤ ከዚያ ዝም።
ሰምቼ ስም አወጣለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።

የዑዱ ተራ ምት፦ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ።
ርግብግቡ፦ ስምንት መቶ፣ ከየሠርጉ ተለቃቅሞ መጥቶ።
የሚንሸራተተው ጣት፦ ሁለት መቶ ከምናምን።
የታንቡራው፣ የታፈነው ምት፦
ሰባት። ሰባት ብቻ፤ ቢነገረው ማን ያምን?

ሰባቱም ያንድ እጅ ናቸው፣ የሽማግሌው የአቡ ሰንጉር፤
በቀኙ በቀንድ ይመታና
በግራው ያፍነዋል፣ ድምፁ ክንፍ አውጥቶ ሳይበር።

"ማሽኑ ተማረ" ተባለ። ሪጄሽ ኬክ ገዛ።
ዘጠና ሰባት ከመቶ! ስክሪኑ እንደ መስከረም መስክ ወዛ።
በእረፍት ሰዓት፣ ሰው ሳያየኝ፣ ሰባቱን አቀረብኩለት።
"ተራ ምት" አለ። "ተራ ምት"። "ተራ ምት"። እስከ ሰባት፣
ያለ አንዲት ማመንታት።

ሰንፎ እንዳይመስላችሁ፤ ገብቶታል የሒሳቡ ነገር፦
ሰባት ቢስት ማን ይቆጣዋል፣ አሥር ሺህ ልክ ሲናገር?
በድምፅ ብልጫ ተረቱ።

ይህን መልስ አውቀዋለሁ። መስኮት ቁጥር አራት፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣
ወጣቱ ፓስፖርቴን ገለጠ፤ የአገሬን ስም አየና ተወው የእኔን ፊት።
"ሥራ፦ የቤት ሠራተኛ" ብሎ ጻፈ።
"ክራር አስተማሪ ነኝ" አልኩት። ፈገግ አለ። ማኅተሙ አረፈ።
እሱም በቁጥር ልክ ነበር፤ በዚያ ሰልፍ ከቆምነው አርባ
ሠላሳ ዘጠኙ ለዚያው ሥራ ነበር የገባ።

ግን ከሠላሳ ዘጠኙ አንዷ፣ ሸጊቱ የምትባል፣
ማታ ልብስ ስታሰጣ፣ ከአሥራ አራተኛው ፎቅ በረንዳ፣
በሁለት ጣት ታፏጫለች፤ ሁለት ዜማ ባንድ አፍ።
ለሷስ የትኛው መደብ ይውጣላት?
ከዚያ ወዲህ "ተራ ምት" ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤
ከዘጠኝ ሺሁ ውስጥ ስንቷ ሸጊቱ እንዳለች ማን ያውቃል?

ሪጄሽ ክፉ ሰው አይደለም። "ሰባቱን ሺህ ጊዜ እንገልብጥ" አለኝ፤
"ጥቂት አፍጥነን፣ ጥቂት አዘግይተን።" ሌላ ሐሳብ አጣሁ፤ እሺ አሰኘኝ።
በሦስተኛው ቅጂ ጫፍ ላይ ሳል አለች፣ ትንሽ፣ ደረቅ ሳል፤
ያን ሌሊት አንድ ሽማግሌ ሺህ ጊዜ አሳለ በጆሮዬ፣ በማዳመጫው መሃል።
ማሽኑም ሳሉን ተማረ።
አሁን ማንም ጉሮሮውን ቢጠርግ
"የታንቡራ ምት" እያለ ይፎክራል።

ሐሙስ ማታ በእግሬ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።
"አንድ ጊዜ፣ አባቴ፣ ስምንተኛውን" አልኩት፣ መቅረጫዬን ሳቀርብ ለከንፈር፤
ግራ እጁን አሳየኝ። ተጠቅልሎ ቀርቷል፣ እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል።
"አያቴን ታፍኖ ነው ያመጡት፤ ከየት እንደሆነ ሲሞትም አልነገረን።
ይህችን ምት ብቻ ነው ያልቀሙት" አለ፤ ቃሉን ሲጨርስ ሳል ያዘው፣
ያቺው፣ የማውቃት ሳል።

ታንቡራውን ከግድግዳው አወረደ፤ "ክራር መቺ አይደለሽ?" አለና ጭኔ ላይ አኖረው።
ስድስት ክር። ጣቴ ከእኔ በፊት ቦታውን አገኘ።
መታሁ። አፈንኩ።
ጭንቅላቱን ነቀነቀ፦ "የኔን አይደለም። ቢሆንም፣ ነው።"

ሰኞ ሌሊት ቅጂውን ከሰባቱ አጠገብ አስቀመጥኩ፤
"ተጫዋች" በሚለው ባዶ መስመር ስሜን ሙሉ ጻፍኩ፦
ብርቅነሽ።
"ተራ ምት" አለ ማሽኑ፣ ሳያመነታ።
ይበል።
ስምንት ሆነናል።